በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ቢላ

የቀለጠ ሰም ሲሸት ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያን ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ የሚለኝ የሞተ በግ ነው። ይህን ስናገር እታለም ትስቅብኛለች፤ "አንቺ መቼም ደህና ነገር አይሸትሽም" ትለኛለች። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። መንዝ፣ ዘመሮ ላይ እናታችን በተወችልን ቤት ሁለት አሮጊቶች አብረን እንኖራለን፤ እሷ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሠራለች፣ እኔ ጡረታዬን እየበላሁ ጉልበቴን እረግማለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ሰሙን በብረት ድስት አቅልጣ የፈተለችውን ክር እየነከረች ስታወጣ ቤቱ በዚያ ሽታ ተሞላ። ከጓሳ ተራራ የወረደው ጉም ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ቆሟል። ጧፎቹን አንድ በአንድ ገመድ ላይ ስትሰቅል እቆጥር ነበር፤ ሥራ የፈታ ሰው የሚቆጥረው አያጣም። የታዘዘችው ሃያ ነው፣ የሠራችው ሃያ አንድ። ሁልጊዜም አንድ ታተርፋለች። ትርፏን መስኮቱ ላይ ታበራታለች፣ ለማን እንደሆነች ግን አትናገርም። ለእናታችን ትመስለኝ ስለነበር ጠይቄያት አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሷ ጋር የቆየ ወሬ ማንሳት አልወድም። ከአርባ ዓመት በላይ የደበቅኋት ነገር አለ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያ እንዳይደርስ እፈራለሁ።

ያን ጊዜ ዘመሮ ሌላ ነበረች። አውቶቡስ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፉርኖ ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ በስሙኒ ቁርሱን የበላ ሰው አምስት ሳንቲም ይዞ ይወጣል። የሻይ ቤቷ ራዲዮ ባትሪው ሲደክም ዘፈኑ ይጎተት ነበር፤ ዘፋኟ በእንቅልፍ ልቧ የምታዜም ትመስላለች፣ እኛም በዚያው ለምደነው አዲስ ባትሪ ሲገባ ዜማው አይጥመንም። ወንዶቹ ከላይ የበግ ፀጉር ባና ደርበው ከሥር ቦላሌ ሱሪ ይለብሳሉ። እኛ ደመወዝተኞቹ ሴቶች ደግሞ በናይለን ሻሽና በአጭር ቀሚስ ብርዱን የማንፈራ መስለን እንሄዳለን፤ ጉልበቴ ዛሬ የሚበቀለኝ ያኔ ባደረስኩበት ግፍ ነው። ከመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ቡናማ ሹራብ ነበረኝ፣ ክርኑ እስኪሳሳ ለበስኩት። ከዚያ ማዕዘን ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ፣ የከተማው ጫፍ ላይ፣ የምሠራበት ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ይገኝ ነበር። በሰሌዳው ላይ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላል፤ የአገሩ ሰው ግን "በክት ቤት" ነበር የሚለው።

ሥራችን ይህ ነበር። በግ ታሞ ሲሞት ከሳንባው፣ ከጉበቱ ወይም ከአንጎሉ ቁራጭ እንወስዳለን። ቁራጩን በመድኃኒት አድርቀን የቀለጠ ሰም ውስጥ እንቀብረዋለን፤ ሰሙ ሲጠነክር በእጅ በሚዞር ማሽን ላይ ቢላ አስረን ከወረቀት የሳሳ ልጣጭ እናወጣለታለን። ልጣጩ ለብ ያለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሲዘረጋ በጠፍጣፋ የመስተዋት ቁራጭ፣ እኛ ብርጭቆ በምንለው፣ እንቀበለዋለን፣ ቀለም እናጠጣዋለን፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ በሽታው ይታያል። በብዛት የሚመጡልን አዙሪት የያዛቸው ነበሩ፤ ትል አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያዞራቸው። ድምፅ ሳያሰሙ ግቢያችን ውስጥ ሲዞሩ ሣሩ ላይ ክብ መንገድ ያወጣሉ። በጉ ከሞተ በኋላም ክቡ ይቆያል። አንዳንድ ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ አንድም በግ በሌለበት ቀን፣ በዚያ ክብ ላይ ያለው ጤዛ ተረግጦ አገኘው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ በክት ቤት መሥራቴ ሳያንሰኝ እብድ መባል አልፈለግሁም።

አለቃዬ ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ፣ የመርሐቤቴ ሰው፣ የዓለም ከተማ ልጅ። የመንዝ ብርድ ፍዳቸውን ያበላቸው ነበር፤ ያም ሆኖ ኮት አይለብሱም። አንድ ቀን ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ አይቼ "ጋሽዬ፣ ኮት የለዎትም እንዴ?" ብላቸው "ነበረኝ፤ ሰጠሁት" አሉኝ። ቢላ መምረጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ሦስት ረጃጅም ቢላዎች ነበሯቸው። አንደኛው ጀርባው ወፍራም ነው፤ ለጠንካራው ሥጋ፣ ለቆዳ፣ ለጡት። ሁለተኛው ሆዱ የጎደጎደ ስስ ነው፤ ለአንጎልና ለለስላሳው ሁሉ። "ስሱን በጠንካራ ሥጋ ላይ ካሰርሽው ይንቀጠቀጥና ልጣጭሽ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ይሸበሸባል" ይሉኝ ነበር። ስለቱን በዘይት በራሰ መሳያ ድንጋይ ላይ እንስላለን፣ ከዚያ በቆዳ ጠፍር ላይ አርባ ጊዜ ወዲህ አርባ ጊዜ ወዲያ። ሲያልቅ ከራሴ ላይ አንዲት ፀጉር ይነቅሉና ስለቱ ላይ ይጥሏታል። ካልተቆረጠች እንደገና ነው፤ ግማሽ ራሴን የጨረሱት እሳቸው ናቸው። የተሸረፈ ቢላ በእያንዳንዱ ልጣጭ ላይ አንድ መስመር ይጥላል፣ የመስመሩ ቦታ አይለወጥም። ምላጭ እንጠቀም ስላቸው "ምላጭ ለጢም ነው" ይላሉ። አንድ ነገር ግን ሳይሰለቹ ይደግሙልኝ ነበር፦ "ከአንዱ ሥጋ ወደ ሌላው ስትሄጂ ቢላውን ጥረጊ። ከጀርባው ወደ ስለቱ ነው የሚጠረገው። ከዳር እስከ ዳር እንዳታደርጊ፤ የአንዱን ለሌላው ታቀብያለሽ።"

ሦስተኛው ቢላ ለብቻው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሮ ይኖር ነበር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እጄን ስዘረጋበት "ተይው" አሉኝ። "እሱ ሰው የቆረጠ ነው። ለበግ አይሆንም።" ወደ መንዝ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የሰው ናሙና ሲቆርጡ ነበር የኖሩት። ወደዚህ የተዛወሩት ራሳቸው ጠይቀው ነው። ከዋና ከተማ ወጥቶ ወደዚህ ብርድ የሚመጣ ሰው ምን ነክቶት ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ "በግ ስም የለውም" ብለውኝ ወደ ሥራቸው ዞሩ።

በእኛ ቤት የቢላ ነገር ቀልድ አልነበረም። የሚያርዱበት ቢላ "በስመ አብ" ተብሎ ነው የሚያዘው። በክት፣ ማለትም ሳይታረድ የሞተ እንስሳ፣ የነካ ቢላ ግን እሳት ውስጥ ካልገባ ሽንኩርት እንኳ አይከትፍም። እናቴ ከሥራ ስመለስ እጄን ሦስቴ በአመድ ሳታስታጥበኝ ሌማቱ ጋ አታስጠጋኝም ነበር። እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ እስቅባታለሁ፣ ግን እታጠባለሁ።

እታለም ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ለባና ክር የሚፈትል እንደ እሷ ያለ እጅ በአካባቢው አልነበረም። ለአንድ አስተማሪ ታጭታ፣ የሠርጉ ጌሾ ሁሉ ተገዝቶ ነበር። በግራ ጡቷ ላይ አተር የሚያህል ነገር አገኘች። ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ወርዳ ያገኘችው ሐኪም ቁራጭ አውጥቶ በጠርሙስ ሰጣት። አዲስ አበባ ሄዶ ይታይ፣ ግን ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ ተቆርጦ በብርጭቆ ተዘጋጅቶ ቢላክ ግን እዚያ የማውቀው ሐኪም በዚያው ቀን ያየዋል አላት። ቆራጭ ደግሞ በቤቷ አለች። ጠርሙሱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አስጨበጠችኝ።

"ጸዲ፣ አንቺ ነሽ የምትቆርጪኝ?"

"አንቺን ማን ይቆርጥሻል፤ ቁራጯን ነው እንጂ።"

"እሷም እኔ ነኝ" አለችና እጄን ያዘችኝ። "አደራሽን፣ በዚያ በክት በምትቆርጡበት እንዳታደርጊኝ። ሰው ነኝ።"

ጋሽ ወርቅነህ ወንድማቸው ሞቶባቸው ዓለም ከተማ ለቅሶ ላይ ናቸው። ክረምቱ መንገዱን ስለቆረጠው የሚመለሱበት ቀን አይታወቅም፤ የሣጥኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ቁራጯ የተቀበረችበት ሰም በጠነከረ ጠዋት ሦስቱን ቢላዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። መመረጥ የነበረበት ወፍራሙ ነው። በዚያው ሳምንት የሳልኩት፣ በፀጉሬ የሞከርኩት፣ ንጹሕ ቢላ ነበር። ያስተማሩኝም ይህንኑ ነው፣ ዛሬም ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ግን ከትናንት ወዲያ የሞተች በግ ጡት ቆርጬበታለሁ። አነሳሁት፣ የእታለም "ሰው ነኝ" ጆሮዬ ላይ መጣ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ የሦስተኛውን ክር ፈታሁ። ለሰው የሰው ቢላ ነው አልኩ። እህቴን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር።

ቢላው እንደ አዲስ ያበራል። አንድ ጥጉ ላይ ብቻ፣ መያዣው አጠገብ፣ የገብስ ፍሬ የሚያህል አሮጌ ሰም ተጣብቆበት ነበር። በጨርቅ ጠረግሁት። ስለቸኮልኩ ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት። ማሽኑን ማዞር ስጀምር የለመድኩት የሰም ጩኸት አልመጣም። የመጣው ዝግ ያለ፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ነው፤ መዘውሩን ባቆም እንኳ ትንሽ ዘግይቶ የሚቆም መሰለኝ። ዕቃውን ተውሰውት መልሱልኝ ለማለት አፍሮ የቆመ ሰው ከኋላዬ እንዳለ ተሰማኝ። ዞር አልኩ። በሩ ተከፍቷል፣ ደጁ ጉም ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በሩን ዘግቼው ነበር። ልጣጮቹን ውሃው ላይ ሳሳርፍ አንዲት ጥፍር የማታህል ብጣሽ ለብቻዋ ተነጥላ ወደ ሳህኑ ዳር ሄደች። ዳር ደርሳ ቆመች፣ ተመልሳ መጥታ ከእታለም ልጣጭ ጎን ተጠጋች። አይቻታለሁ። የሰም ፍርፋሪ ናት ብዬ አለፍኳት እንጂ አይቻታለሁ።

ሦስት ብርጭቆ ሠራሁ። ሁለቱን አስቀርቼ ሥጋ የበዛበትን ላክሁ፤ ያቺ ብጣሽ ያለችበትን ማለቴ ነው። በሳምንቱ መልሱ መጣ፣ ነቀርሳ ነው የሚል። ወር ሳይሞላ የእታለም ግራ ጡት ተቆርጦ ወጣ። አስተማሪው አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ፣ ጠላውን ሳይጨርስ ተነሣ፣ ከዚያ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እኔ ያን ባርኔጣ እስካሁን አልረሳሁትም፤ ጥቁር ነው፣ ዙሪያው ሪባን አለው፣ የዚያን ጊዜ ፋሽን ነበር። ቁስሏ ገና ሳይደርቅ አንድ ቀን ከሰዓት እታለም ከአልጋዋ ላይ ሆና ጠራችኝ።

"ጸዲ፣ ሴትዮዋን ግቢ በያት እንጂ።"

"የቷን ሴትዮ?"

"የወንድ ኮት የለበሰችዋን። እጅጌው ረዝሞባት እጇ አይታይም፣ ያሳዝናል።"

በሩ ላይ ማንም የለም። የማስታገሻው መርፌ ነው አልኩ በልቤ። "ምን ትልሻለች?" አልኳት።

"ምንም። ስሜን ጥሪኝ የምትል ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ስሟን አላውቀው።"

ጋሽ ወርቅነህ መንገዱ ሲከፈት ተመለሱ። ገና በሩን ከፍተው እንደገቡ ሣጥኑን አነሱ፣ ነጩን ጨርቅ አዩ፣ "ይህ የእኔ ቋጠሮ አይደለም" አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያን ጊዜ የላክሁት ብርጭቆ ከመልሱ ወረቀት ጋር ተመልሶልኝ ነበር፤ ሦስቱንም ተቀበሉኝ። ያስቀረኋቸውን ሁለቱን በማይክሮስኮፕ አይተው "ይህ እብጠት ብቻ ነው። ነቀርሳ የለበትም" አሉ። የተላከውን አስገቡ። ራሳቸውን አላነሱም። ሻይ ቤቷ ያለው ራዲዮ ከሩቅ ይሰማ ነበር፣ አንድ ዘፈን አልቆ ሌላው ተጀመረ፣ እሳቸው እንዳጎነበሱ ነበሩ።

"ዘነበች ናት" አሉ በመጨረሻ። "ይቺ የእህትሽ አይደለችም። ባለቤቴ ናት።"

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሚስታቸው ያበጠውን ጡቷን ስታስወጣ፣ ሌላ ሰው አላምንም ብለው ናሙናዋን ራሳቸው ቆረጡት። ክፉውን መልስ ከሐኪሙ በፊት ያዩት እሳቸው ናቸው። ስትሞት ያ ቢላ እንዳለ ጠቀለሉት። "ጠርጌ የት ልጣላት?" አሉኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

"ጋሽዬ፣ ኮትዎን ለማን ነው የሰጡት?"

"ለእሷ ነዋ። ብርድ አይለቃትም ነበር። ከግንዙ በላይ ደርቤላት ነው የተቀበረችው። እጅጌው ረጅም ነው፣ እጇን ይሸፍንላታል ብዬ።"

ለእህትሽ እንናገራለን፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ጡቷ ሄዷል፣ አስተማሪው ሄዷል፤ በከንቱ ነው የሄደው ብሎ መንገር ምን ይጠቅማታል አልኩ። ደግሞም በክት በነካ እንዳታደርጊኝ ያለችው እሷ ናት፤ ራሷን ትከስሳለች አልኩ። አሁን ሳስበው ለራሴ ነበር የማለቅሰው። እሺ አሉኝ፣ ፊታቸው ግን ከዚያ በኋላ አልተፈታልኝም። "እንግዲያው ስሟን ያዢልኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ነው" አሉ። ከዓመታት በኋላ ሲሞቱ የቢላው ሣጥን ለእኔ እንዲሰጥ ተናዝዘው ነበርና ደረሰኝ። ከአልጋዬ ሥር አኖርኩት።

ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አዲስ አበባ አንድ ላቦራቶሪ ገብቼ እንዳየሁት፣ ሴቶቹ ልጆች ቢላ የሚመርጡት በማሸጊያው ላይ ባለው ቀለም ነው፤ ይኼኛው ለጠንካራ፣ ይኼኛው ለለስላሳ። አንዴ ቆርጠውበት ይጥሉታል። የማንም ፀጉር አይነቀልም፣ የማንም ቢላ የማንንም አይሸከምም። ቀናሁባቸው። በክት ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል፣ ሻይ ቤቷ ያለችበት ማዕዘን ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ያልተለወጠው የእታለም መስከረም ነው። ነቀርሳው ዘንድሮ ይመለሳል እያለች በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ መገነዣዋን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ታሰጣዋለች። ነጭ አቡጀዲ ነው። አንዱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ አንዱን እኔ። አራግፈን፣ አጥፈን፣ እንመልሰዋለን።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ያ ሰም እየሸተተኝ፣ አፌ አመለጠኝ። "እታለም፣ ይቺ ትርፏ ጧፍ የማን ናት?"

"የሴትዮዋ" አለች፣ ክሩን ከመንከር ሳታቋርጥ። "ኮት የለበሰችዋ። ጉም ሲሆን አሁንም ትመጣለች። ቄሱን በጸሎት አስቧት ብላቸው፣ ስሟን አምጪ ይሉኛል። ከየት አመጣለሁ? እንዲሁ አበራላታለሁ።"

ያን ጊዜ ነገርኳት። ቢላዎቹን እንዴት እንደደረደርኩ፣ የትኛውን አንስቼ የትኛውን እንደተውኩ፣ ብጣሿን፣ የጋሽ ወርቅነህን ኮት፣ ሁሉንም። ሰሙ ድስቱ ውስጥ ቆዳ አበጀ። እታለም እጇን ጠፍጣፋው ጎኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ሳበቃ እጇን ልስም ብል ነጠቀችኝ።

"አርባ ዓመት ሙሉ ሞቴን ሳሰጣ፣ አንቺ ጫፉን ትይዢልኝ ነበር" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር። "ስሟንስ? ስሟን ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያን ጊዜ ጀምሮ።"

"የጡቴን ነገር ዕድሜ ከሰጠን እኔና አንቺ እንነጋገርበታለን። በበክት ቢላ አትቁረጪኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን አልክድም። እሷን ግን ይህን ሁሉ ዘመን በር ላይ ያቆምሻት አንቺ ነሽ። ቢላውን አምጪው።"

አመጣሁት። ጨርቁን ፈታችው። መያዣው አጠገብ፣ ያን ቀን ጨርቄ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ የዚያች ገብስ የምታህል ሰም እኩሌታ አሁንም ነበረች። እታለም በጥፍሯ ፈልቅቃ ድስቱ ውስጥ ጣለቻት፣ እሳቱን አራገበች፣ ሃያ አንደኛውን ክር እንደገና ነክራ አወጣችው። ከዚያ ቢላውን ጠረገችው። ማንም ሳያስተምራት ከጀርባው ወደ ስለቱ ነበር የምትጠርገው።

"ማን ልበል?"

"ወለተ ሰንበት።"

ጧፏን አብርታ ደጃፉ ላይ ቆመችና ወደ ጉሙ ስሟን ጠራች፣ ጎረቤቷን እንደምትጠራ አድርጋ። እኔ ምንም አላየሁም። እታለም ግን ሰው ለማሳለፍ ፈቀቅ አለች። ከዚያ በሩን ዘጋችው፣ ሣጥኗን ከፈተች፣ መገነዣዋን አወጣችና ቢላውን በእሱ መጠቅለል ጀመረች። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲቀብሩላት ለቄሱ ልትሰጥ ነው። ከአፌ ዘልሎ የወጣው ቃል ይህ ብቻ ነበር፦ "እታለም፣ ያንቺ እኮ ነው!"

"የሷ ነው" አለችኝ ጫፉን እያጠፈች። "እኔ መች ታምሜ አውቃለሁ?"